ፈረስም ያክማል

ልደታ አካባቢ ያለውን የባልቻ ሆስፒታል የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ «አባ ነፍሶ» የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ እንደተባሉት። ስሙ ግን የጦር ሜዳ ስም ነው። ለመሆኑ ፈረስ ሕመምተኛን ሊረዳ ይችላል?

አዎ፣ ይችላል። ነገሩ ተአምር አይደለም። ፈረስ ቀስ ብሎ ሲራመድ ጀርባው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል። ይህም የተቀመጠበትን ሰው ዳሌ በእግሩ የሚራመድ ያህል ያንቀሳቅሰዋል። መራመድ የሚቸግረው ልጅ በዚህ ሚዛን መጠበቅን ይለማመዳል።

ዴንማርካዊቷ ሊዝ ሃርቴል በ1944 እ.ኤ.አ. በፖሊዮ ታማ ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆነች። ግልቢያዋን ግን አልተወችም። ፈረሱ ላይ ለመውጣት ሰው እየደገፋት፣ ጁቢሊ በተባለች ባዝራ በ1952 የሄልሲንኪ ኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ አገኘች። እግሯ አልዳነም፤ ባዝራዋ ግን እግር ሆነቻት።

ሁለተኛው ነገር መተማመን ነው። ፈረስ በተፈጥሮው ደንጋጭ ነው፤ ቁጡ ሰው ሲቀርበው ይሸሻል፣ የረጋ ሰው ሲይዘው ይረጋል። ስለዚህ የተጨነቀ ሰው ፈረሱን አረጋጋለሁ ሲል ራሱንም ያረጋጋል።

እኛ ጋ ፈረስ ዛሬ በብዛት የሚታየው በየከተማው ጋሪ ሲጎትት፣ ጅራፍ ሲያርፍበት ነው። ጀግኖቹን በፈረስ ስም የጠራ ሕዝብ ይህን ሊያስብበት ይገባል። ሰውን የሚፈራ ፈረስ ሰውን አያክምምና!