በጤናማ መንገድ ክብደት መቀነስ፦ በካትሌሆንግ ሱቅ ውስጥ ለሚውሉ ሰዎች

ይህ ጽሑፍ ለማን ነው?

በካትሌሆንግ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ከማለዳ እስከ ማታ ስፓዛ ሱቅ ውስጥ ይውላሉ። ሥራው ያደክማል፤ ሰውነት ግን ብዙ አይንቀሳቀስም። ሲርብዎ ኮታው ቅርብ ነው፤ ሲጠማዎ የለስላሳው ፍሪጅ ከጀርባዎ ነው። ክብደት የሚጨምረው በአንድ ቀን ግብዣ ሳይሆን በዚህ የዕለት ተዕለት ልማድ ነው። የሚቀንሰውም እንዲሁ በዕለት ተዕለት ልማድ ነው።

ፎቶ ወደ አገር ቤት ሲልኩ ዘመድ «ወፈርክ፣ ተመችቶሃል» ብሎ ሊደሰት ይችላል። ነገር ግን ሆድ አካባቢ የሚጠራቀም ስብ ለደም ግፊት፣ ለስኳር በሽታና ለልብ ሕመም ያጋልጣል። ግፊትም ሆነ ስኳር ምንም ሳያምዎ ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ።

ክብደቴ መብዛቱን በምን አውቃለሁ?

የልብስ ሰፊ ሜትር ይውሰዱ። ትንፋሽዎን አውጥተው ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በታች፣ ከዳሌ አጥንት በላይ ወገብዎን ይለኩ። ለወንድ 94 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ለበሽታ የመጋለጥ ዕድልዎ ይጨምራል።

ምን ያህል ልቀንስ?

ብዙ መቀነስ አያስፈልግም። 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4.5 ኪሎ ቢቀንስ እንኳ ለደም ግፊቱና ለስኳሩ ይጠቅመዋል። በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ መቀነስ በቂ ነው።

በየቀኑ ምን ላድርግ?

1. ከመጠጥ ይጀምሩ። የጠርሙሱን ጀርባ ያንብቡ። በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ስኳር ካለው፣ ግማሽ ሊትሩ 50 ግራም ስኳር ይይዛል፤ ይህም 12 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። በ3 ማንኪያ ስኳር በቀን 4 ጊዜ ሻይ የሚጠጣ ሰውም እዚያው ይደርሳል። የውኃ ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጡ፤ የሻይዎን ስኳር በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ።

2. ኮታን የዘወትር ምሳ አያድርጉ። ሩብ ዳቦ፣ የተጠበሰ ድንችና ፖሎኒ አንድ ላይ ብዙ ስብና ጨው አለው። ሲበሉም ለሁለት ይካፈሉት። ከቤት ምስር፣ ሽሮ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ይዞ መምጣት ይሻላል።

3. የሳህንዎን ግማሽ አትክልት ያድርጉ። ጎመን፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን ወይም የአካባቢው ሰው ሞሮጎ የሚለው ቅጠል ይሆናል። እንጀራ፣ ፓፕ ወይም ሩዝ ሩቡን፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ዓሣ ወይም ሥጋ ሌላውን ሩብ ይያዙ።

4. ዘይት በማንኪያ ይለኩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። የጾም ወጥ ሥጋና ቅቤ ባይኖረውም ዘይቱ ከበዛ ያወፍራል። ሽንኩርቱን በጥቂት ውኃ አብስለው ዘይቱን በኋላ ይጨምሩ።

5. ሱቁ ውስጥ ይንቀሳቀሱ። ሲጨልም ውጭ መሄድ ስጋት ካለው አይውጡ። ደንበኛ ሲመጣ ይነሡ፣ ዕቃ ሲደረድሩ ወገብዎን ሳይሆን ጉልበትዎን ይጠፉ። ባሉበት ቆመው ፈጠን ያለ እርምጃ ለ10 ደቂቃ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ በሳምንት 5 ቀን ይራመዱ፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ይሆናል። የሚመከረው ዝቅተኛ መጠንም ይኸው ነው።

6. እራትዎን አያዘግዩ፤ ይተኙ። ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ውለው ሱቅ ከዘጉ በኋላ አብዝቶ መብላት አይጠቅምም። እንቅልፍ ሲያጥር ረሃብ ይጨምራል። ቢያንስ 7 ሰዓት ለመተኛት ይሞክሩ።

ምን ላድርግ የማይገባኝ?

• በመንገድ ላይ የሚሸጥ የማቅጠኛ ክኒን ወይም ሻይ አይውሰዱ።
• የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒትዎን በራስዎ አያቋርጡ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከመጾምዎ በፊት ነርስ ወይም ሐኪም ያማክሩ።
• ነፍሰ ጡር ከሆኑ ክብደት ለመቀነስ አይሞክሩ።

ክሊኒክ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ሳይሞክሩ ክብደትዎ ከቀነሰ ደስ አይበልዎ፤ ይመርመሩ። በተለይ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ትኩሳት ካለ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ብዙ ውኃ ጥምና ቶሎ ቶሎ ሽንት ካለ የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሕክምና አላቸው። «ሰው ምን ይለኛል» ብለው አይዘግዩ። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንኛውም ሰው የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ከየት ልጀምር?

ሁሉንም በአንድ ቀን አይጀምሩ። በዚህ ሳምንት አንዱን ብቻ ይምረጡ፤ ለምሳሌ ለስላሳውን በውኃ ይተኩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበሉ ይመዘኑና ይጻፉት። ልማዱ ሲጸናልዎ ሁለተኛውን ይጨምሩ።