ሰው ለሌለው ሰው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከዐቢይ ጾም እሑዶች አራተኛው መጻጉዕ ይባላል። በዚህ ዕለት የምናስበው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተጻፈውን፣ ለ38 ዓመት የታመመውን የመጻጉዕን ታሪክ ነው። በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ ቤተ ሳይዳ የምትባል መጠመቂያ ነበረች። አምስት መመላለሻዎች ነበሯት፤ በእነርሱም ውስጥ ዕውሮች፣ አንካሶችና ሰውነታቸው የሰለለ ብዙ ድውያን ተኝተው የውኃውን መናወጥ ይጠባበቁ ነበር። ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድናል። መጻጉዕ ግን መቅደም አልቻለም፤ አንሥቶ የሚያስገባው ሰውም አልነበረውም።

ለተሰቃየና ለጠፋ ሰው ተስፋው የሚጀምረው ከየት ነው? ከራሱ ብርታት ቢሆን ኖሮ መጻጉዕ ተስፋ አልነበረውም። የተስፋው መጀመሪያ ወደ እርሱ የመጣው ጌታ ነው። እኛም ርኅራኄን የምንማረው ጌታ ወደዚህ ሰው እንዴት እንደመጣ፣ ምን እንዳደረገለትም በማስተዋል ነው። ስለዚህ ታሪኩን ደረጃ በደረጃ እንከተለው።

አንደኛ፦ ጌታ አየው

የበጎች በር ከቤተ መቅደሱ ሩቅ አልነበረም። ጌታም ወደ ኢየሩሳሌም የወጣው በበዓል ቀን ነው። በየዓመቱ ስንት ሰው መሥዋዕቱን ይዞ፣ ስእለቱን እያሰበ በዚያ አካባቢ አልፎ ይሆን! ድውያኑም ያው እዚያው ናቸው። አንድ ቦታ ለረጅም ዘመን የወደቀን ሰው ዓይን ይለምደዋል፤ የለመደውን ደግሞ አያየውም። ወንጌላዊው ግን ጌታ መጻጉዕን ተኝቶ እንዳየው፣ ብዙ ዘመን እንደቆየም እንዳወቀ ይነግረናል። ያየው በሽታውን ብቻ አይደለም፤ የቆየበትንም ዘመን ነው።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲታመም በመጀመሪያው ሰሞን ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ዓመት ሲያልፈው፣ ሁለት ዓመት ሲሆነው ጠያቂው ይመናመናል፤ በመጨረሻም አስታማሚውና በሽተኛው ብቻቸውን ይቀራሉ። ርኅራኄያችን የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ድንጋጤና ይሉኝታም ሊያስሄደን ይችላል፤ በሦስተኛው ዓመት የሚያስሄደን ግን ፍቅር ብቻ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ቅዱስ ሉቃስ እንደጻፈው ጌታ ማስተማር ሲጀምር ዕድሜው 30 ዓመት ያህል ነበር። መጻጉዕ ግን ከታመመ 38 ዓመት ሆኖታል። በሽታው የጀመረው ጌታ በቤተ ልሔም ከመወለዱ በፊት ነበር ማለት ነው። ሆኖም ዘመን የማይቆጠርለት አምላክ ነውና፣ ያ ሰው በአልጋው ላይ ከወደቀበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቀዋል። ችግሬ ከመቆየቱ የተነሣ ተረስቻለሁ የሚል ሰው ይህን ይያዝ፤ የእግዚአብሔር ምሕረት ከማንኛውም ደዌ ይቀድማል።

ሁለተኛ፦ ጌታ ጠየቀው

ጌታ መጻጉዕን ልትድን ትወዳለህን ብሎ ጠየቀው። ለ38 ዓመት የተኛ ሰው መዳን እንደሚፈልግ ግልጽ አይደለምን? ነው፤ ነገር ግን እግዚአብሔር ሰውን ነጻ ፈቃድ ሰጥቶ የፈጠረ ነውና ፈቃዱን ሳይጠይቅ አይሠራም። ደግሞም ረጅም መከራ የሰውን ምኞት ያደክማል፤ ጥያቄው ያንን የደከመ ምኞት ይቀሰቅሳል። መጻጉዕ ግን አዎን ብሎ አልመለሰም። ሰው እንደሌለው፣ ሊገባ ሲል ሌላው እንደሚቀድመው ተናገረ። ጌታም የጠየቅሁህ ይህን አይደለም ብሎ አልገሠጸውም፤ ብሶቱን ሰማው።

የተሰቃየን ሰው መስማት ራሱን የቻለ የምሕረት ሥራ ነው። የጻድቁ የኢዮብ ወዳጆች ሊያጽናኑት መጥተው 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእርሱ ጋር በመሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድም ቃል አልተናገሩትም። በዚህ መልካም አደረጉ። ጥፋታቸው የመጣው በኋላ መከራው በኃጢአቱ የመጣ ነው ብለው መከራከር በጀመሩ ጊዜ ነው፤ በመጽሐፉ ፍጻሜም እግዚአብሔር ገሠጻቸው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ማን ኃጢአት እንደሠራ ሲጠይቁ፣ ጌታ እርሱም ወላጆቹም እንዳልሆኑ መለሰላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጌታ መጻጉዕን በኋላ ዳግመኛ እንዳይበድል አስጠንቅቆታል፤ ታዲያ መከራ ከኃጢአት አይመጣም እንዴት ይባላል? መልሱ እንዲህ ነው። አንዳንዱ መከራ ከበደል ይመጣል፤ ሁሉም ግን አይደለም። የትኛው ከየትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ልብን የሚመረምር አምላክ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉንም አስተውሉ፤ ጌታ አስቀድሞ አስነሣው፣ ከዚያ በኋላ መከረው። እኛ ብዙ ጊዜ ምክሩን አስቀድመን ማንሣቱን እንረሳለን።

ሦስተኛ፦ ጌታ ሰው ሆነለት

ሰው አለመኖር የመጻጉዕ ብቻ ሕመም አይደለም፤ የአዳም ልጆች ሁሉ ሕመም ነበር። አዳም ከገነት በወጣ ጊዜ የሚመልሰው ሰው አልነበረም፤ ከልጆቹም መካከል ራሱን ከሞት ማዳን የሚችል አልተገኘም። አባቶቻችን እንደሚያስተምሩን፣ እግዚአብሔር አዳም በንስሐ ሲያለቅስ አይቶ በአምስት ቀን ተኩል፣ ይኸውም በ5500 ዘመን፣ ከልጅ ልጁ ተወልዶ እንደሚያድነው ተስፋ ሰጠው። ዘመኑ ሲፈጸም ቃል ሥጋ ሆነ።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ጌታ መቶ በጎች ስለነበሩት እረኛ አስተምሯል፤ አንዱ ቢጠፋበት ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ሊፈልገው ሄደ። ሊቃውንት ዘጠና ዘጠኙ መላእክት፣ የጠፋው አንዱ አዳም ነው ብለው ይተረጉሙታል። በጉ መንገዱን አያውቅም፤ እረኛው ፈልጎ አገኘው፣ በትከሻውም ተሸከመው። ትከሻው ሥጋችን ነው፤ የተሸከመንም በመስቀል ነው። ሰው የለኝም ላለው የሰው ልጅ የእግዚአብሔር መልስ ይህ ነው፤ እርሱ ራሱ ሰው ሆነለት። ክርስቲያናዊ ርኅራኄ በዚህ ምሥጢር ላይ የቆመ ነው። እኛ ወደ ወደቀው ሰው የምንሄደው ከእርሱ ስለምንበልጥ አይደለም፤ ጌታ አስቀድሞ ወደ እኛ ስለመጣልን ነው።

አራተኛ፦ ጌታ ዋጋ አልጠየቀም

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት መጻጉዕ በኋላ በጌታ የመከራ ዕለት ያዳነውን ጌታ በጥፊ እንደመታው ይነገራል። ጌታ ይህ እንደሚሆን እያወቀ አልጋህን ተሸክመህ ሂድ አለው። የሚመታውን እጅ ራሱ ፈወሰው።

ይህ ለእኛ ከባድ ትምህርት ነው። የረዳነው ሰው ሲከዳን፣ ያስታመምነው ሲያማን፣ ሁለተኛ ለማንም አልደርስም እንላለን። እርግጥ ነው፣ ርኅራኄ ጥበብ ይፈልጋል፤ ለመጠጥ የሚያውለውን ሰው ገንዘብ ከመስጠት ማብላትና ማልበስ ይሻላል። ቢሆንም የተረጂው ውለታ ቢስነት የረጂውን ደጅ ሊዘጋው አይገባም። ምሕረትን የምናደርገው ስለ እርሱ አመስጋኝነት ሳይሆን ምሕረት ስለተደረገልን ነውና።

አምስተኛ፦ ጌታ ዳግመኛ አገኘው

መጻጉዕ ከዳነ በኋላ ያዳነው ማን እንደሆነ አላወቀም ነበር። ጌታ በቤተ መቅደስ አገኘው፤ አሁን ለነፍሱ የሚሆነውን ነገረው። ሥጋው ከተነሣ በቃ ብሎ አልተወውም።

በእኛም ዘንድ የጠፉ አሉ፤ በመጠጥ የተያዘ ወንድም፣ ከእምነቱ የራቀ ልጅ፣ በወኅኒ ያለ ዘመድ፣ በዐረብ ሀገር ሠርታ ቤተሰቧን ስትረዳ ቆይታ ድንገት ድምፅዋ የጠፋ እኅት። ለእነዚህ ተስፋ መቁረጥ ለእኛ አልተፈቀደልንም። በዚያው በሉቃስ ምዕራፍ 15 የጠፋው ልጅ አባት ልጁን ገና ከሩቅ ሳለ አየው፤ ሮጦም አቀፈው። ተቆጥቶ ወደ ቤት አልገባም ያለውን ታላቅ ልጅ ሊለምንም ያው አባት ወጣ። ስለ ጠፋው የምንጸልይ ሁሉ ፈላጊው ከእኛ በፊት መንገድ ላይ መሆኑን እንመን።

ይህ ሁሉ በሥራ ሲገለጥ ምን እንደሚመስል በዘመናችን አይተናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ወይዘሮ አበበች ጎበና ለመሳለም ወደ ግሸን ማርያም ተጓዙ። ወሎ በረኃብ ተመትቶ ነበር። በመንገድ የወደቀውን ሕዝብ፣ በሞተች እናቱ ጡት ላይ ያለውንም ሕፃን አዩ። የያዙትን ዳቦና ጠበል አካፈሉ፤ ሲመለሱም ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። ከቤተሰባቸው ተቃውሞ ሲገጥማቸው ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር መኖርን መረጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ለብዙ ወላጅ አልባ ልጆች እናት ሆነው ኖሩ። ሊሳለሙት የሄዱት ቦታ ቅዱስ ነበር፤ በመንገዱ ላይ የወደቀውን ባለማለፋቸው ደግሞ ጉዟቸው ራሱ አምልኮ ሆነ።

በመጨረሻ፣ ብዙዎች በልባቸው የሚይዙትን ጥያቄ እናንሣ። በቤተ ሳይዳ ብዙ ድውያን ተኝተው ሳለ በዚያ ቀን ተነሣ የተባለው አንዱ ነው፤ የቀሩትስ? ዛሬም ጸልየው፣ ጠበል ተጠምቀው፣ የሐኪም መድኃኒት ወስደው ያልተፈወሱ ወገኖች አሉ። ይህ የእምነታቸው ማነስ ነው ብለን አንፍረድባቸው። ለጥያቄው የሚሆነው መልስ በዚያው በምዕራፍ 5 ዝቅ ብሎ ይገኛል። ጌታ በመቃብር ያሉት ሁሉ ድምፁን የሚሰሙበት ሰዓት እንደሚመጣ ተናገረ። መጻጉዕን ያስነሣው ድምፅ ሙታንን ሁሉ የሚያስነሣው ድምፅ ነው፤ የአንዱ መነሣት ለሁሉ የተሰጠ ምልክት ነው። በትንሣኤ የተነሣ ሥጋ ደግሞ አይታመምም፣ አይሞትምም። እስከዚያ ሰዓት ድረስ በአልጋው የሚቆየው ወንድማችን ለብቻው እንዳይጠብቅ አብሮት መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ እያንዳንዳችን ከምናውቃቸው መካከል ጠያቂ የራቀውን አንድ ሰው እናስብ። በዚህ ሳምንት እንሂድ፤ እንስማው፤ የሚያስፈልገውን ጠይቀን በአቅማችን እንፈጽም፤ በሚቀጥለውም ሳምንት እንመለስ።

ሰው ለሌለው ሰው የሆንህ አምላካችን ሆይ፣ የተሰቃዩትን አስብ፣ የጠፉትን ፈልግ፣ ለእኛም ወደ እነርሱ የሚሄድ እግርና የሚታገሥ ልብ ስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፣ አሜን።