ትምህርት 14፦ የሞያሌ ሣርና ቁጥቋጦ

ምንባብ

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የምትገኝ፣ አንድ ስም ይዛ በሁለት መንግሥታት የምትተዳደር ከተማ ናት። የኬንያዋ ሞያሌ የማርሳቢት ካውንቲ ክፍል ስትሆን፣ ከማርሳቢት ተራራ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በከተማዋ ዙሪያ ያለው ዕፀዋት በአብዛኛው ግራር፣ ከርቤና የዕጣን ዛፍ ሲሆን፣ ወሰኑን ተሻግሮ ወደ ቦረና ይዘልቃል። ሰብስቤ ደምሰውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ዕፀዋት ካርታ ላይ ይህ ዓይነቱ ሽፋን የግራርና የከርቤ ቁጥቋጦ ተብሎ ተለይቷል።

በዚህ ደረቅ አገር የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ምን ይፈልጋል? ዕፀዋት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ከአየር ወስደው ግንድ፣ ቅጠልና ሥር ያበጁበታል። ቅጠሉ ሲረግፍና ሥሩ ሲሞት፣ የካርቦኑ ከፊል ብስባሽ ሆኖ በአፈር ውስጥ ይቀራል። በዓለም አፈር እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ድረስ የተከማቸው ካርቦን 1,500 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው፤ ይህም በዕፀዋት ሁሉና በአየር ውስጥ ካለው ድምር ይበልጣል። በረግረግ ቦታ ውሃው አየር ስለሚከለክል ብስባሹ ቶሎ አይፈርስም፤ ስለዚህ ረግረግ ከስፋቱ በላይ ካርቦን ይይዛል። በሞያሌ አካባቢ ረግረግ ብርቅ ነው። በማርሳቢት ተራራ ራስ ላይ ግን ከጉም ርጥበት የሚያገኝ ደን፣ በመካከሉም ውሃ የሚቋጥሩ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች አሉ።

የተመራማሪው ሥራ በገመድና በካስማ ይጀምራል። ለምሳሌ 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ቦታ ከልሎ ዛፎቹን በየዓይነታቸው ይቆጥራል፤ ግንዳቸውንም ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ ይለካል። የደረቀ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ከዚያም መጠኑ በታወቀ የብረት ቱቦ አፈር አውጥቶ፣ አድርቆና መዝኖ በቤተ ሙከራ ይመረምራል። አንድ ሄክታር መሬት እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 3,000 ሜትር ኩብ አፈር አለው። የአንዱ ሜትር ኩብ ክብደት 1.3 ቶን፣ ከዚያም ውስጥ ካርቦኑ ከመቶ አንድ እጅ ቢሆን፣ ሄክታሩ 39 ቶን ካርቦን ይዟል ማለት ነው። ዓይን የማያየው ሀብት ይህን ያህል ነው።

አሁን ወደ አከራካሪው ጉዳይ እንምጣ። የቦረና አርብቶ አደሮች ከጥንት ጀምሮ የደረቀውን ሣር በየጊዜው ያቃጥሉ ነበር። እሳቱ የቁጥቋጦውን ችግኝ ሲገድል፣ ሣሩ ግን ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ በኩል ማቃጠል ተከለከለ። አያና አንጋሳና ጉፉ ኦባ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት አርብቶ አደሮቹን ሲጠይቁ፣ የእሳቱ መከልከል፣ የግጦሽ መሬት መታጠርና የእርሻ መስፋፋት ቁጥቋጦውን እንዳበዙት ተነግሯቸዋል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው አገሩ ለምልሟል፤ ላም ላለው ሰው ግን ሣሩ ጠፍቶበታል። ግመልና ፍየል ቁጥቋጦ ይቀነጥባሉ፤ ከብት ግን ያለ ሣር አይሆንለትም።

ታዲያ ቁጥቋጦ ከበዛ ካርቦንም በዛ ማለት ነውን? በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቁጥቋጦ ሣሩን በወረረበት ደረቅ ቦታ የአፈሩ ካርቦን ሲጨምር፣ ዝናብ በበዛበት ቦታ ቀንሷል። ስለዚህ ከግንዱ ብቻ ተነሥቶ መፍረድ አይቻልም፤ የየአገሩ አፈር ራሱ መመርመር አለበት። ካርቦኑ ጨምሮ ቢገኝ እንኳ፣ ያው መሬት ስንት ላም ያበላ እንደነበር ካልተጠየቀ ሒሳቡ ጎዶሎ ነው። ያንን የሚያውቀው ደግሞ አርብቶ አደሩ ነው።

የቃላት ፍች

ብስባሽ፦ በስብሶ የፈረሰ ቅጠልና ሥር
ካስማ፦ መሬት ላይ የሚተከል ሹል እንጨት ወይም ብረት
ማቆጥቆጥ፦ እንደገና ማደግ፣ ቅጠል ማውጣት
ረግረግ፦ ውሃ የማይለየው ጭቃማ ቦታ

ጥያቄዎች

1. ረግረግ ቦታ ብዙ ካርቦን የሚይዘው ለምንድን ነው?
2. እሳት ሣሩን ሳይጎዳ ቁጥቋጦውን የሚቀንሰው እንዴት ነው?
3. በምንባቡ የተሰጠው አፈር ካርቦን ከመቶ ሁለት እጅ ቢሆን፣ አንድ ሄክታር ስንት ቶን ይይዛል?
4. በአካባቢያችሁ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት በልጅነታቸው የነበረው ሣርና ዛፍ እንዴት እንደተለወጠ ጠይቃችሁ፣ የነገሯችሁን በሁለት አንቀጽ ጻፉ።