ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ በዳታቤዝ መጠይቅ ውስጥ፦ ትእዛዝንና መረጃን የመለየት ጉዳይ

መግቢያ

በርካታ ኢትዮጵያዊ ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ይገባባቸዋል። «መዓዛ» እና «ሰዓረ» በሚሉት ስሞች ምልክቱ የ«ዓ»ን ድምፅ ያመለክታል፤ በአንዳንድ የአጻጻፍ ሥርዓቶችም «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» ለመለየት ያገለግላል። በኤስኪውኤል ቋንቋ ግን ይኸው ምልክት የጽሑፍ ዋጋ መነሻና መድረሻ ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚህ ግጭት የሚነሣውን ችግርና የመፍትሔዎቹን ወሰን ይመረምራል።

የችግሩ ባሕርይ

አንድ ፕሮግራም የተጠቃሚውን ጽሑፍ ከመጠይቁ ጋር በቀጥታ ሲያጣብቅ የሚከተለው ዓይነት ሐረግ ይገኛል (ስሙ ለማሳያ በግዕዝ ፊደል ቀርቧል)፦

ስም = 'መ'ዓዛ'

ዳታቤዙ 'መ' የሚለውን ሙሉ ዋጋ አድርጎ ይወስድና ቀሪውን እንደ ትእዛዝ ሊያነብ ይሞክራል፤ መጠይቁም በስሕተት ይቋረጣል። ምልክቱን አስቀርቶ መመዝገብ ስሕተቱን ቢያስወግድም፣ የባለቤቱ ስም በሌሎች ሰነዶቹ ላይ ካለው ጋር እንዳይመሳሰል ያደርጋል። ከዚህ የከፋው፣ ተንኮለኛ ተጠቃሚ ከምልክቱ ቀጥሎ ሁልጊዜ እውነት የሆነ ቅድመ ሁኔታ፣ ለምሳሌ 1=1 የሚል፣ በመጨመር ያልተፈቀደለትን መረጃ ማውጣት መቻሉ ነው። ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን የተባለው ይህ ጥቃት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በይፋ ይታወቃል።

ምልክቱን መደገም

በኤስኪውኤል መደበኛ ደንብ መሠረት በዋጋው ውስጥ ያለው ምልክት ሁለት ጊዜ ይጻፋል፦ 'መ''ዓዛ'። ይሁን እንጂ ደንቡ በሁሉም ዘንድ አንድ አይደለም። ማይኤስኪውኤል በነባሪ አሠራሩ ባክስላሽንም ልዩ ምልክት አድርጎ ይቀበላል፤ ፖስትግሬስኪውኤል ግን ከ9.1 እትም ወዲህ በመደበኛ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ማንኛውም ቁምፊ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ለአንዱ የተሠራ ጥንቃቄ ለሌላው ላይበቃ ይችላል፤ በአንድ ቦታ መዘንጋትም ጥበቃውን በሙሉ ያፈርሳል።

ፓራሜትር ያለው መጠይቅ

በሰርቨሩ በኩል በሚዘጋጅ መጠይቅ፣ የትእዛዙ መዋቅር በዋጋው ምትክ ቦታ ያዥ ምልክት ይዞ አስቀድሞ ይላካል፤ ዋጋው ለብቻው ይከተላል። መዋቅሩ ዋጋው ከመድረሱ በፊት የተወሰነ በመሆኑ በስሙ ውስጥ ያለ ምንም ምልክት ሊለውጠው አይችልም።

ሆኖም ሦስት ጉዳዮች ተጨማሪ ሥራ ይሻሉ። አንደኛ፣ በ«ላይክ» ፍለጋ % እና _ ልዩ ትርጉማቸውን እንደያዙ ይቆያሉ። ሁለተኛ፣ የሠንጠረዥና የዓምድ ስሞች እንደ ፓራሜትር ስለማይላኩ ከተፈቀዱ ስሞች ዝርዝር ጋር መመሳከር አለባቸው። ሦስተኛ፣ ቀጥ ያለው ምልክት በዩኒኮድ ቁጥር 39፣ ጠማማው ደግሞ 8217 በመሆኑ በአንዱ የተመዘገበ ስም በሌላው ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል። መደበኛዎቹ የዩኒኮድ ማስተካከያ ስልቶችም ሁለቱን አንድ አያደርጓቸውም፤ ሥርዓቱ ራሱ ለፍለጋ ወጥ ቅርጽ ማበጀት ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

የትእምርተ ጥቅስ ችግር መነሻው ትእዛዝና መረጃ በአንድ ጽሑፍ መቀላቀላቸው እንጂ የስሙ አጻጻፍ አይደለም። በመሆኑም የምዝገባ ሥርዓት የሚያበለጽጉ ባለሙያዎች ምልክቱን ከመከልከል ይልቅ ሁለቱን ለይተው ቢልኩ፣ የዳታቤዙ ደኅንነትም የባለስሙ ትክክለኛ መጠሪያም በአንድነት ይጠበቃሉ።