ልክ ስላለው ቸርነት

ዶልፊን የሚባለው የባሕር እንስሳ መልኩ ዓሣ ይመስላል፤ ነገር ግን አየር የሚተነፍስ፥ ግልገሉንም ጡት የሚያጠባ ነው። በምዕራብ አውስትራልያ፥ በሻርክ ቤይ ወሽመጥ፥ መንኪ ማያ የሚባል ዳርቻ አለ። በዚያ ስፍራ በ1960ዎቹ፥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፥ ዓሣ አጥማጆች ካጠመዱት እያካፈሉ ዶልፊኖችን አለመዱ፤ እንስሶቹም ወደ ዳርቻው ቀርበው ከሰው እጅ ይቀበሉ ጀመር።

ይሁን እንጂ ቸርነቱ ጉዳት አስከተለ። እናቲቱ ምጽዋት ስትጠብቅ በዳርቻው ትውላለች፤ ግልገሏ ግን ጡት ሳይጠግብ፥ ሻርክ ለሚባለው ነጣቂ ዓሣ ተጋልጦ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ዓሣ ከሚሰጣቸው እናቶች የተወለዱት ግልገሎች ከሌሎቹ ይልቅ በብዛት ሞቱ። ሊቃውንት ነገሩን መርምረው ካስረዱ በኋላ በ1995 ሥርዓቱ ጠበቀ፤ የግልገሎቹም ሞት ቀነሰ።

ዛሬ ዓሣ የሚሰጣቸው የተመረጡ ጥቂት እንስቶች ብቻ ናቸው፤ የሚሰጣቸውም ከቀትር በፊት፥ በጠባቂ ፊት፥ ከዕለት ምግባቸው ጥቂቱ ነው። ሰው እንዳይዳስሳቸውም ተከልክሏል።

መምህሩ ይህን ሲያስተምር ተማሪዎቹን ይጠይቅ፤ ለእናቲቱ ዓሣ የሰጠው ሰው ክፉ አስቦ ነበርን? አላሰበም፤ ነገር ግን ግልገሉን አላየም። እንግዲህ ለአውሬ የሚራራ ሰው ከመስጠቱ አስቀድሞ ስጦታው የሚያስከትለውን ይመርምር።