«ፓፉን እስኪ ያሳዩኝ»

ኪኒን ከተዋጠ በኋላ የቀረው ሥራ የሆድና የደም ነው። ነርሷ ትክክለኛውን መድኃኒት በትክክለኛው ሰዓት ለትክክለኛው ሰው ከሰጠች፣ ሰውነት ሌላውን ራሱ ይጨርሰዋል። በትንፋሽ የሚሳብ መድኃኒትና በቆዳ ላይ የሚቀባ ቅባት ግን እንዲህ አይደሉም። ሐኪሙ ማዘዣው ላይ የጻፈው መጠን ሳንባ መድረስ አለመድረሱን የሚወስነው የታማሚው አሳሳብ ነው፤ የቅባቱንም የሚወስነው የሚቀባው እጅ ነው። ስለዚህ በእነዚህ መድኃኒቶች የነርሷ ሥራ ግማሹ መስጠት፣ ግማሹ ማስተማር ነው።

የአዲስ አበባዎቹ ቂርቆስና ካዛንቺስ ለአስም ታማሚ ቀላል ሰፈሮች አይደሉም። በተጠጋጉት የቀበሌ ቤቶች ከሰል ይቀጣጠላል፣ ለቡናው እጣን ይጨሳል፣ ከአስፋልቱ የመኪና ጭስ ይገባል። በ2017 ዓ.ም. ብዙ የካዛንቺስ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ደግሞ የፍርስራሹ አቧራ ተጨመረበት። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ወደ ጤና ጣቢያው ወይም ወደ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ሲሄድ ብዙ ጊዜ ፓፉን፣ ማለትም በትንፋሽ የሚሳበውን መድኃኒቱን፣ በኪሱ ይዞ ነው። ታዲያ ፓፉ እያለ ለምን ባሰበት?

ጥሩ ሲስተር መልሱን የምታገኘው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «እማማ፣ ፓፉን እንዴት እንደሚስቡት እስኪ ያሳዩኝ።» እማማ አፋቸውን ከፍተው፣ ዕቃውን ራቅ አድርገው እንደ ሽቶ ይረጩታል፤ ከዚያ በአፍንጫቸው ይተነፍሳሉ። መድኃኒቱ ከጣሳው በፍጥነት ስለሚወጣ አብዛኛው ከጉሮሮ ጀርባ ጋር ተጋጭቶ እዚያው ይቀራል፣ ኋላም ይዋጣል። ሳንባ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው።

ትክክለኛው አሳሳብ ቅደም ተከተል አለው። ፓፉ ይነቀነቃል፤ ታማሚዋ ቀና ብለው ተቀምጠው በሳንባቸው ያለውን አየር ቀስ ብለው ያስወጣሉ፤ የፓፉን አፍ በከንፈራቸው ግጥም አድርገው ይይዛሉ። መሳብ ሲጀምሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይጫናሉ፣ በዝግታና በጥልቀት ይስባሉ፣ ከዚያ እስከ 10 እየቆጠሩ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ሁለተኛው ፓፍ ከግማሽ ደቂቃ ወይም ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ማከታተል መድኃኒት ማባከን ነው።

መጫኑንና መሳቡን ማገጣጠም ለአቅመ ደካማና ለሕፃን ይከብዳል። ለዚህ ስፔሰር የሚባለው በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ ዕቃ አለ፤ የተረጨው መድኃኒት እዚያ ውስጥ ጥቂት ይቆይና ሕፃኑ በራሱ ትንፋሽ አምስት ስድስት ጊዜ ይስበዋል። ዕቃው ከታጣ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ፕላስቲክ ይበቃል። በደቡብ አፍሪካ ሄዘር ዛርና ባልደረቦቿ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ቂጡ ተበስቶ ፓፉ ግጥም ብሎ የገባበት 500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፣ አስም ለተነሣባቸው ሕፃናት ከፋብሪካው ስፔሰር ያልተናነሰ ሠርቷል። ቀዳዳው አየር የሚያሾልክ ከሆነ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። ጠርሙሱ በሳሙና ውኃ ይታጠብና ሳይወለወል በራሱ ይደርቃል፤ በጨርቅ ከታሸ ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ወደ ራሱ ይስባል።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ጭስ የሚመስል ጉም የሚያወጣውን ኔቡላይዘር የሚያዩ ሰዎች ከፓፍ የበረታ መድኃኒት ይመስላቸዋል። ውስጡ ያለው ግን ያው በፓፉም ያለው ሳልቡታሞል ነው፤ በጣም ላልከፋ ሕመም በስፔሰር በተደጋጋሚ የሚሰጥ ፓፍ እኩል ይሠራል። ሲስተሯ ማስኩን ፊት ላይ አስተካክላ የልብ ምትንና አተነፋፈስን ትከታተላለች፤ እጅ እንደሚንቀጠቀጥና ልብ በፍጥነት እንደሚመታም አስቀድማ ትናገራለች። ይህን ያልሰማ ታማሚ ደንግጦ ማስኩን ያወልቀዋል። ቤት ሄዶ በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን ለጉንፋን የተለመደ ነገር ነው፤ ለአስም ግን ሽታው ራሱ ሊቀሰቅስ ይችላል፣ እኔ አልመክርም።

ሌላው ችግር የሁለት ዓይነት ፓፍ ነገር ነው። ቬንቶሊን፣ ማለትም ሳልቡታሞሉ፣ ወዲያው ስለሚያስተነፍስ ይወደዳል። ቤክሎሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ የአየር ቧንቧውን ቁጣ በቀናትና በሳምንታት ስለሚያበርድ «አይሠራም» ተብሎ ይጣላል። የአስም መመሪያ የሚያወጣው ጊና ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዋቂዎችና ጎረምሶች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ስቴሮይዱ ከተሳበ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ምላስ ላይ ነጭ ፈንገስ ሊወጣ ይችላል።

ወደ ቅባቱ እንምጣ። ነርሷ ጓንት የምታጠልቀው ቁስሉን ከእጇ ለመጠበቅ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱ በእሷም ቆዳ ይገባል። ለስቴሮይድ ክሬም መለኪያው ጣት ነው፦ ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው እጥፋት የተጨመቀው ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን፣ የአዋቂ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቆዳ ይሸፍናል። ፊት ለማቅላት ብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይህንኑ ክሬም የሚቀባ ሰው ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል፤ ሲስተሯ ስለዚህ ሳታፍር መጠየቅ አለባት።

የበለጠ ማብራሪያ የሚሻው የእከክ ቅባት ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት በአማራ ክልል እከክ በሰፊው ተዛምቶ ነበር፤ ሰው በተጨናነቀበት የከተማ ግቢም በቀላሉ ይዛመታል። 5 በመቶው ፐርሜትሪን የሚቀባው የሚያሳክከው ቦታ ላይ ብቻ ሳይሆን ከአንገት እስከ እግር ጣት፣ በጣቶች መሐልና በጥፍር ሥርም ጭምር ነው፤ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ቆዳ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ማታ መቀባት ይሻላል። ሊጥ ያቦካች ወይም ለሶላት ውዱእ ያደረገ ሰው እጁ ላይ ያለው መድኃኒት ታጥቧልና እጁን እንደገና ይቀባል። የቤቱ ሰው ሁሉ፣ የማያሳክከውም ጭምር፣ በዚያው ሌሊት ይቀባል፤ ከሳምንት በኋላም ይደገማል። እከኩን የሚያመጣው ተባይ ከሞተም በኋላ ማሳከኩ ለሳምንታት ሊቀጥል እንደሚችል ያልተነገረው ታማሚ በየቀኑ እየቀባ ቆዳውን ያቃጥላል።