ጡት ከጣለ በኋላ ዳግመኛ ስለሚጠባ ከብት

ለአገረ ገዢዎች፥ ለባለርስቶችና ለወረዳ ሹማምንት የቀረበ ትምህርት

ማታ ከግጦሽ የገባች ላም ግቷ ባዶ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። አላቢዋ ማለቢያዋን ይዛ ብትቀመጥ የምታገኘው ወተት የወትሮውን እኩሌታ አይሆንም። ያን ጊዜ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠረጥረው እረኛውን ነው። እረኛውም «አላለብሁም» ብሎ ቢምል የሚያምነው አያገኝም፤ አንዳንድ ጊዜ ይገረፋል፥ ደመወዙም ይያዝበታል። ነገሩም ተካሮ ከሹም ፊት ይቀርባል። ሌባው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያው መንጋ ውስጥ ነው፤ ጡት ከጣለች ወራት ያለፋት ጊደር፥ ወይም ቀንዱ የበቀለ ወይፈን ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ነገሩን ማወቅ ለባለ ከብቱ ብቻ ሳይሆን ፍርድ ለሚሰጠውም ሰው ያስፈልጋል።

ስለ ምክንያቱ

የመጥባት ፍላጎት ለጥጃ ከተፈጥሮ የተሰጠው ነው። ወተት ምላሱን ሲነካው ፍላጎቱ ይነሣሣል፤ ወተቱ ካለቀ በኋላም 10 ደቂቃ ያህል ሳይበርድ ይቆያል። የአገራችን ላሞች አብዛኞቹ ጥጃቸው ቀርቦ ጥቂት ካልጠባ ወተታቸውን አይለቁም። ስለዚህ ጥጃው ከታለበች በኋላ የቀረውን እየጠባ ከእናቱ ጋር ብዙ ወራት ይቆያል። ጡት የሚጥለውም በባለቤቱ አሳብ ሳይሆን እናቱ ስትነጥፍ ወይም አርግዛ በእርግጫ ስታባርረው ነው። እንዲህ ያለው ጥጃ ጡቱን ተወ እንጂ አልረሳውም። እናቱ ዳግመኛ ወልዳ ግቷ ሲሞላ ባየ ጊዜ ወደ ቀድሞ ልማዱ ይመለሳል።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ጥጃው ለጥቂት ቀን ብቻ ተለይቶ እናቱ ሳትነጥፍ ወደ መንጋው ቢመለስ ይጠባል። ጡት በጣለበት ወራት ሣር ደርቆ ቢራብም ጡት ይፈልጋል። በባልዲ ወተት እየጠጣ ያደገ ጥጃ ደግሞ ሆዱ ቢጠግብም የመጥባት ፍላጎቱ ስለማይረካለት የጓደኛውን እምብርት፥ ጆሮና ግት ይጠባል፤ ይህም ልማድ ካደገ በኋላ አብሮት ሊቀር ይችላል።

ስለ ጉዳቱ

ከሁሉ የሚብሰው ጉዳት በአዲሱ ጥጃ ላይ የሚደርሰው ነው። የላም ማሕፀን በሽታ የሚከላከለውን ኀይል ወደ ጽንሱ አያሳልፍም፤ ጥጃው ይህን ኀይል የሚያገኘው ከተወለደ በኋላ ከእንገር ነው። አንጀቱም ይህን ኀይል ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከ6 ሰዓት በኋላ እያነሰ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። አንድ ጥጃ በመጀመሪያው ቀን ከክብደቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል እንገር ሊጠጣ ይገባዋል፤ ማለት 22 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ ከ2 ሊትር በላይ ያስፈልገዋል። ታላቁ ጠብቶ ከጨረሰበት ግን ታናሹ በተቅማጥና በሳንባ በሽታ ሲሞት «ዕድሉ ነው» ይባላል። ዕድሉ ሳይሆን እንገሩ ተወስዶበት ነው። በቤት ውስጥም እንገር አፍልቶ የመብላት ልማድ ስላለ፥ ጥጃው ሳይጠግብ እንዳይወሰድ ማስጠንቀቅ ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳት በላሟ ላይ ነው። ያረገዘች ላም ከመውለዷ በፊት 60 ቀን ያህል ነጥፋ ልታርፍ ይገባል። ሳታርፍ ከተጠባች የሚመጣው ወተቷ ያንሳል፥ እንገሯም ከመውለዷ በፊት ያልቅባታል።

ሦስተኛው ጉዳት ያልወለደች ጊደር ስትጠባ ነው። የጡቷን ቀዳዳ የሚዘጋው እንደ ሰም ያለ ነገር ይነሣና ተሐዋስያን ይገቡበታል፤ ግቷም ይመግላል። ባለቤቱ ስትወልድ አልባታለሁ ብሎ ሲጠብቅ አንዱ ወይም ሁለቱ ጡቷ ደርቆ ያገኘዋል።

ስለ ምልክቱ

በእረኛው ላይ ከመፍረድ በፊት እነዚህን መመልከት ያስፈልጋል።

1ኛ፤ የላሟ የጡት ጫፍ በምራቅ ረጥቦ ወይም ከቀረው ገላዋ ይልቅ ጠርቶ ይታያል፤ የጥርስ ጭረትም ሊኖርበት ይችላል።

2ኛ፤ ከአራቱ ጡቶች አንዳንዱ ባዶ፥ አንዳንዱ ሙሉ ይሆናል።

3ኛ፤ የጠባው ከብት በአፉ ዙሪያ አረፋ ይገኝበታል፤ በመንጋው ውስጥም ከአንዲት ላም አይለይም።

4ኛ፤ እርግጠኛው መንገድ ግን ከብቱ በሚያርፍበት በቀትርና በሌሊት በረት ውስጥ ተደብቆ ማየት ነው። ጠቢው ብዙ ጊዜ ከኋላ እግሮቿ መካከል ይገባል፤ ላሟም ለምዳው ጸጥ ብላ ትቆማለች።

ስለ መከላከያው

ከመድኀኒቱ ይልቅ መከላከያው ይቀላል። ጥጃው ሣር በደንብ መጋጥ ሳይጀምር ጡት ማስጣል አይገባም። ጡት በሚጥልበትም ወራት ጥሩ ድርቆሽ፥ ቢገኝም የኑግ ፋጉሎ ወይም ፍሩሽካ፥ ጨውና ንጹሕ ውሃ ይሰጠው። ከእናቱ ሲለይ ላሟ ፈጽማ እስክትነጥፍ፥ ቢያንስ አንድ ወር፥ በሌላ በረትና በሌላ መስክ ይዋል። ከሁሉ ይልቅ እናቱ ለመውለድ ስትቃረብ ታላቁ ጥጃ ከእርሷ ዘንድ እንዳያድር መጠበቅ ያስፈልጋል።

በካሊፎርኒያ በ2003 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በታተመ ጥናት፥ ከእናቶቻቸው በአጥር ብቻ ተለይተው እየተያዩ ጡት የጣሉ ጥጆች ፈጽመው ከተለዩት ይልቅ ጥቂት ጮኹ፥ ክብደታቸውም በተሻለ ጨመረ። ስለዚህ ሩቅ መስክ ለሌለው ሰው፥ ጥጃ አንገቱን የማያሾልክበት ጠንካራ አጥር ይበቃዋል። በካናዳ በሳስካችዋን ደግሞ በ2005 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፥ ጥጃው ከእናቱ ጋር ሳለ መጥባትን የሚከለክል መከለያ ለጥቂት ቀን በአፍንጫው ተንጠልጥሎለት ኋላ ሲለይ ጩኸቱና መቅበዝበዙ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

በባልዲ የሚያድጉ ጥጆች ወተት ከጠጡ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ተለያይተው ይታሰሩ፤ ድርቆሽም ይቅረብላቸው። ወተቱን በጡት መሰል ነገር ቀስ ብሎ ማጠጣት ከባልዲው ይሻላል።

ስለ መድኀኒቱ

ልማዱ የያዘውን ከብት አስቀድሞ ከላሞች መለየት ነው። መለየት ካልተቻለ በአፍንጫው ላይ የሚታሰር ሾህ ያለበት መከለያ ያገለግላል፤ ሊጠባ ሲል ላሟን ስለሚወጋት በእርግጫ ታባርረዋለች። ነገር ግን ሾህ የላሟን ጡት ሊያቈስል ስለሚችል ጫፉ የደነዘዘ ይሁን። ከብቱም መጋጥና መጠጣት መቻሉ፥ አፍንጫውም አለመቍሰሉ በየቀኑ ይታይ።

ጡትን በእበት መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ ሆኖም እበት ተሐዋስያንን ወደ ጡት ቀዳዳ ስለሚያስገባ ግትን ያሳምማል። በእበቱ ፈንታ ሬት መቀባት ይሻላል፤ ከማለብ በፊት ግን በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። የከብቱን ምላስ መቍረጥ ጭካኔ ስለ ሆነ ፈጽሞ ሊከለከል ይገባል።

በዚህ ሁሉ ያልተመለሰ ከብት ቢገኝ አቀልቦ ለሥጋ መሸጥ ነው። ጊደር ብትሆን ግን ለወተት ብሎ ለሚገዛ ሰው ነገሩን ሸሽጎ መሸጥ ከማታለል ይቈጠራል።

ማሳሰቢያ

የጋራ ግጦሽ ባለበት ስፍራ የአንዱ ጊደር የሌላውን ላም ስትጠባ በጎረቤቶች መካከል ጠብ ይነሣል። እንዲህ ያለ ነገር ሲቀርብ ሹሙ ሽማግሎች ይዞ ግቱን ያስመርምር፥ መንጋውንም አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያስጠብቅ፤ የጠቢው ከብት ባለቤትም ከብቱን ለይቶ እንዲይዝ ይምከር። ባለርስቱም እረኛውን ከመምታቱ በፊት በረቱን ይመልከት። አንድ ሌሊት ነቅቶ ማደር አንድን ጥጃ ከሞት፥ አንድን ልጅም ካላጠፋው ጥፋት ያድናልና።